ጥቁር ፈርጥ ያለው ቀለበትና የእኔ ጣት

በዚህ ዓለም ላይ ከኪስ የበለጠ ወሬኛ ያለ አይመስለኝም። አፍ እንኳ ሲፈልግ ይዘጋል። ኪስ ግን ባለቤቱ የረሳውን ሁሉ ታቅፎ ይቀመጥና የማያውቀው እጅ ገባ ሲል ያለ የሌለውን ይዘረግፋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አንድ ሰሞን እንጀራዬ የሰው ኪስ መፈተሽ ስለነበር ነው። አይዟችሁ፣ ሌባ አልነበርኩም። በአደራ የተቀመጥኩ፣ ደመወዝ የሚቆረጥልኝ፣ ጨዋ የኪስ ፈታሽ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መጠለያ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። ከድርቁ ቀደም ብዬ ከጭልጋ ወርጄ ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን የገባሁ ሰው ነኝና ዐረብኛውን ከሰሊጡ ጋር አብሬ አጭጄዋለሁ። ትግርኛውን ከሥራ ጓደኞቼ ለቀምኩ። እንግሊዝኛዬ ጎንደር ትምህርት ቤት የተማርኳት ናት፤ እሷ ስታልቅብኝ በእጄ እሞላታለሁ። አንድ ሐኪም «ሆዱን ስንት ቀን አመመው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ በሽተኛውን ሆኜ ሆዴን ይዤ ስቃትት ብታዩኝ ኖሮ መድኃኒቱን ለእኔ ታዙልኝ ነበር።

ከማስተርጎሙ ሌላ የተሰጠኝ ሥራ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የልብስ ቦንዳ ፈትቶ መለየት ነው። ልብሱን የሚልኩት ሰዎች ደጎች ናቸው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ገዳሪፍ የት እንዳለች ግን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። ወፍ ጥላ ሥር አፏን ከፍታ በምትውልበት አገር ጸጉራም ካፖርት ይልኩልናል። የበረዶ ጓንት ይልኩልናል። ተረከዙ እንደ ሚስማር የሾለ፣ ያውም የአንድ እግር ብቻ ጫማ ይልኩልናል። ክራባቱስ! ለክራባቱ እንኳ ሰዉ ፈጥኖ ሥራ አገኘለት፤ ወገቡን ታጠቀበት። ረሃብ ሱሪን ያሰፋል።

አንድ ጊዜ ከአንድ ሱሪ ኪስ የጢም ምላጭ ወጥቶ የአንዲት እናት እጅ ስለቆረጠ ልብስ ሁሉ ሳይታደል በፊት ኪሱ እንዲፈተሽ ታዘዘ። ፈታሹ እኔ ሆንኩ። እናንተዬ፣ ምን ያላየሁት አለ? የአውቶቡስ ቲኬት። ከጨርቁ ጋር የተጣበቀ ከረሜላ። የውሻ ፎቶግራፍ። ቁልፍ። የቁልፉ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ባለቤቱ ቤቱን እንዴት ከፍቶ ገባ? ሥራው ልብስ መለየት ነው ቢባልም እኔ አንዱን ኮት ይዤ ስለማላውቀው ሰው ሳሰላስል ፀሐይ ትዘቀዝቅ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ጥቁር ካፖርት እጄ ገባ። የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፤ ሁለት ሰው ከነስንቁ ያስገባል። የውጭ ኪሶቹ ባዶ ናቸው። የውስጥ ኪሱ ግን ተቀዶ ኖሮ እታች ገበሩ ጫፍ ላይ አንድ ጠጣር ነገር ይንከባለላል። ገበሩን ተረተርኩና አወጣሁት። መጀመሪያ የቧንቧ ዕቃ መሰለኝ። ቀጥሎ ከትራክተር የወለቀ ነገር መሰለኝ። እጄ ላይ ሳገላብጠው ነው ቀለበት መሆኑ የገባኝ።

የብር ቀለበት ነው። ግን ምን ዓይነት ብር! እኛ አገር አንጥረኛ ቀለበት ሲሠራ ጥልፍልፍ ያደርግበታል፣ ፍሬ ፍሬ ያወጣለታል፣ ካልሆነም መስቀል ይቀርጽበታል። ይኼ ምንም የለውም፤ ልሙጥ ነው። በአንድ ወገን እንደ በር ማጠፊያ ሰፊ ሆኖ በሌላው ወገን ይቀጥናል። ፈርጡ እንደ ማዕረጉ መሀል ላይ መቀመጥ ሲገባው ወደ ዳር ተገፍቶ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ፍየል መስሏል። ደግሞ ጥቁር! አራት ማዕዘን፣ ለስላሳ፣ ዓይንህን አስጠግተህ ብታየው መልሶ የሚያይህ ጥቁር። የሠራው ሰው ወይ ሥራውን ሳይጨርስ ምሳ ተጠርቶ ሄዷል፣ ወይ ደግሞ እኛ የማናውቀው የሚያውቀው ነገር አለ።

የማን ጣት ላይ ኖሮ ይሆን? እኔ ወዲያው አንዲት ሴት ሳልኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲጋራ የምታጨስ፣ ከባሏ ተጣልታ ቀለበቱን አውልቃ ኪሷ የከተተች። ከዚያ ይቅር ስትለው ኪሷ ውስጥ አጣችው። ኪሱ ቀዳዳ መሆኑን አታውቅማ! ባልየው ደግሞ «ሆን ብለሽ ጥለሽው ነው» ይላታል። እኔ ገዳሪፍ ዳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ የሰው ትዳር አፈርስና አቃና ጀመር።

ቀለበቱን ወስጄ ለሲስተር ካሪን አሳየኋት። ሲስተር ካሪን የመጠለያው ነርስ ናት፤ አገሯ በክረምት ፀሐይ ብቅ የማትልበት ነው ትላለች። (ይህን ለሰዉ አስተርጉሜ ያመነኝ ስላልነበረ ሁለተኛ አላስተረጎምኩትም።) ተቀበለችኝና ፊቷ በራ። ብሩ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ ድንጋዩ ኦኒክስ የሚባል መሆኑን ነገረችኝ። እናቷ ወጣት በነበረችበት ጊዜ አበባና ቅጠል መቅረጽ የሰለቻቸው አንጥረኞች ተነስተው፣ ብር ብር ይምሰል፣ ድንጋይም ድንጋይ ይምሰል ብለው እንዲህ ያለ ነገር ይሠሩ ነበር አለችኝ። ገባኝ፤ ጌጥ ያስጠላቸው ጌጠኞች ማለት ነው። ባለቤቷን ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት። ቦንዳው ከስንት ቤት እንደተሰበሰበ አይታወቅም፣ ካፖርቱን የሰጠ ሰው ኪሱንም ሰጥቷል፣ የሚፈልገው ሰው ካለ ስጠው ብላኝ ወደ በሽተኞቿ ሄደች።

የሚፈልገው ሰው ነበረ።

እንዳላማው ይባላል። ከብቶቹ አልቀው፣ እርሻው ደርቆ፣ እናቱን በጀርባው አዝሎ ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። እናቱን መጠለያው አጠገብ ቀበራት። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ሲኖር ብዙ ጊዜ ቃል አልወጣውም፤ እኔ ብቻዬን አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ለአንድ ወሬኛ ይህ መልካም ጉርብትና ነው፤ ግን ያስፈራ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ከውኃ ሰልፍ ተመልሶ መጣና፣ የጀሪካኑን ክዳን ረስቶ ሲሄድ አንዲት ልጅ ተከትላ መጥታ እንደ ሰደበችው ነገረኝ። ሰደበችኝ ሲል ይስቃል። ልጅቷ ትርንጎ ናት። ከቤተሰቧ ከአጎቷ በቀር የተረፈላት የለም፤ ሳቋ ግን እንዳለ ተርፎላታል።

እንግዲህ ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። የትርንጎ አጎት አያ ውበቱ ዝናቡ ሲጥል ለአረም ፋሽጋ ወደሚባለው የእርሻ አገር ሊወርዱ ከአንድ ባለ እርሻ ጋር ተዋውለዋል። ሎሪ መጥቶ ሠራተኛውን ይጭናል፤ ትርንጎም አብራቸው ትሄዳለች። በዚያ ዘመን ሎሪ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቃል። ሰው ሎሪ ላይ ወጥቶ አቧራው ከጋረደው በኋላ የት ወረደ ቢባል የሚናገር አይገኝም። ባል ገዳሪፍ ሚስት ከሰላ ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ሲያለቅስ የነበረውን ስንቱን አውቃለሁ። እንዳላማው ይህን ፈርቶ አያ ውበቱ ፊት ቀረበና ልጅቷን እንዲሰጡት ለመነ። እሳቸውም «ሎሪው ሳይመጣ ቀለበት ይታሰርላት፤ ያለዚያ እጇን አታይም» አሉት።

ቀለበት! ሰው ዱራ ከሚሉት የዕርዳታ ማሽላ በቀር በእጁ በሌለበት መጠለያ ውስጥ ቀለበት ከየት ይመጣል? እንዳላማው የሽቦ ቁራጭ እየጠመዘዘ ሲሞክር አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ያንን ጥቁር ፈርጥ መዳፉ ላይ ባኖርኩለት ጊዜ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ሰው ሲያለቅስ ማየት አልወድም።

ዕንባውን ጠርጎ ቀለበቱን ጣቱ ላይ አደረገው። ቀለበቱ እንደ አሸንክታብ ተንጠልጥሎ ዞረ። የእሱ ጣት ጣት አይደለም፤ የጣት አጥንት ነው። «እንዲያው ሰው እጅ ላይ ምን እንደሚመስል ልየው፣ አንተ እስቲ አድርገው» አለኝ። የዋህ ጥያቄ ነው። እኔም የዋህ ነኝ፤ አደረግኩት። ገባ። ያምራል፤ እውነቴን ነው፣ ጣት ላይ ሲገባ ያ ጎደሎ የመሰለው ሁሉ ሙሉ ሆነ። አስደነቀን። ከዚያ ላወልቀው ስል አልወጣ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ጣቴ ትንሽ ማስረዳት ግድ ይለኛል። ወፍራም ጣት የዘራችን ነው። አባቴ ጣቱ የጠመንጃው ቃታ ውስጥ አልገባ ብሎት አደን የተወ ሰው ነው። እኔም አንገቴ እንደ ማንም ቀጥኖ፣ የጎኔ አጥንት እንደ ማንም ተቆጥሮ፣ ጣቶቼ ብቻ እንደ ጌታ ልጅ ወፍራም ሆነው ቀሩ። ይህን ግን ለማን ታስረዳለህ? ረሃብ በገባበት አገር ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሌላውን ሰው ሥጋ ነው።

ሳሙና ሞከርን። የሰሊጥ ዘይት ሞከርን። እንዳላማው እግሩን ደረቴ ላይ አድርጎ ጎተተ። ጣቴ በጎተቱት ቁጥር አበጠ፤ ባበጠ ቁጥር ቀለበቱ ተመቸው። በማግስቱ የእህል እደላ ነበር። አስተርጓሚ ደግሞ በእጁ ነው የሚናገረው፤ «ወዲህ ኑ» ስል ቀለበቴ ያበራል፣ «ወዲያ ቁሙ» ስል ያበራል። ሰልፉ በሙሉ ዓይኑን ጣቴ ላይ ተከለ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አገላብጠው አዩና «እሰይ፣ የሚበላ ሰው ጣት አየን» አሉኝ። ምርቃት ይሁን እርግማን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ከድንኳን ድንኳን ሮጠ። አስተርጓሚው ከመጋዘን ዱራ እያወጣ ገዳሪፍ ይሸጣል፤ በሸጠውም የብር ቀለበት ገዛ። የመጠለያው ሽማግሌዎች መጋዘኑ ይታይልን አሉ። ታየ። አልጎደለም። ታዲያ ባለመጉደሉ ደስ ያለው ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም አንዱ «ይኼ ሰው ብልህ ነው» ሲል ሰማሁት። ካፖርቱን፣ ገበሩን፣ ቦንዳውን እየጠቀስኩ የመሐላ መዓት አወረድኩ። ማን ያምናል? ፈረንጅ ብር ያለበትን ኪስ ረስቶ ይሰጣል? በሦስት ቋንቋ ብምልም በሦስቱም አልታመንኩም።

በነጋታው ጠዋት ሲስተር ካሪን ጣቴን ዳስሳ ፊቷን አጨፈገገች። ቀለበቱ ካልተቆረጠ ጣትህ ሊጠቁር ይችላል፣ ዛሬውኑ ገዳሪፍ ሂድና አንጥረኛ ይቁረጥልህ አለችኝ። እንዳላማው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያለችውን እንዳስተረጉምለት በዓይኑ ለመነኝ። አስተረጎምኩለት። «ይቆረጥ። ጣት ከቀለበት ይበልጣል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ዱራ ሊጭን በሚሄድ ባዶ ሎሪ ላይ ወጥቼ ገዳሪፍ ወረድኩ። ሰማዩ ዳመና ይዟል፤ ያለፈው ዓመት ሙሉ ዳመና ሲይዝና ሲለቅ ስለኖረ ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ገበያው መሀል ስሄድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ቆሙና እጄን ይዘው ሳሙኝ። ደነገጥኩ። ለካ በዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ ያለበት የብር ቀለበት የሃይማኖት አዋቂ፣ እነሱ «ፈኪ» የሚሉት ሰው ሊያደርገው ይችላል። ማተቤ ሸሚዜ ውስጥ ነው፤ አልታየላቸውም። መፋዛ ላይ እርሻ አለኝ፣ ዘሩን በደረቅ መሬት ላይ በትኜ ወፍ እየለቀመው ነው፣ ለዝናብ ዱዓ አድርግልኝ አሉኝ። ሐበሻ ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተው ግድ አልሰጣቸውም። ተቸግረዋላ! መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መዳፌን ዘረጋሁና በሆዴ፣ በአማርኛ፣ «ጌታዬ፣ እኚህ ሰው የተሳሳቱት በእኔ ነው እንጂ በአንተ አይደለምና ዝናቡን ስጣቸው» አልኩ። ጮክ ብዬ «አሚን» አልኩ። እሳቸውም «አሚን» አሉ፤ ፊታቸው በርቶ ሄዱ።

አንጥረኛው ሐጂ ኑሩ ይባላሉ፤ ከጎንደር የመጡ የአገር ሰው ናቸው። ጣቴን ከመዳፋቸው ላይ አኑረው በመነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደርበው አዩት። ሳል አሉ፣ እንደገና አዩ። ጣቴን የረሱት መሰለኝ። «ይህን የሠራው ሰው ወይ ዕብድ ነው ወይ ጌታ ነው» አሉኝ። «ድንጋዩን እንዲህ ዳር አስቀምጦ እንዴት አልወደቀም? በምን ያዘው?» ማን እንደሠራው ይታወቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የሠሪው ምልክት ከውስጥ በኩል ይኖራል። ውስጡ ግን አንተ አለህበት» አሉኝ።

መጋዟን አነሱ። ከመቁረጣቸው በፊት ግን ነገሩን አስረዱኝ፦ መቁረጡ ቀላል ነው፤ ተመልሶ ለመበየድ ግን እሳት ይፈልጋል፣ እሳቱ ደግሞ ድንጋዩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ማለት ቀለበትነቱ አበቃ። ስለ እንዳላማውና ስለ ትርንጎ፣ ስለ ሎሪውም ነገርኳቸው። ሐጂ መጋዟን አስቀመጡ። ጣቴ ገና ሙቀት አለው፣ ጥፍሩም አልጠቆረም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ይታገሥ አሉ። እጄን ከራሴ በላይ አንስቼ እንድውል፣ ቀዝቃዛ ነገር እንዳስነካው፣ ጥፍሩ መልኩን ከለወጠ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አዘዙኝ። ደግሞ ጨው እንዳልበላ፣ እህልም እንድቀንስ መከሩኝ። የሐዋርያት ጾም ላይ ነን አልኳቸው። መጠለያው ውስጥማ ጾሙ ከገባ ስንት ጊዜው!

ከሱቃቸው ስወጣ ሰማዩ ተቀደደ።

ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ ከላይ የሚደፋ ነበር። ገዳሪፍ በሙሉ ወደ ውጭ ወጣ። ነጋዴው የሰሊጥ ጆንያውን ትቶ መሀል መንገድ ቆመ፣ የሎሪ ሾፌር ጡሩምባውን ይነፋል፣ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል። እኔ እጄን ወደ ላይ አንስቼ በመሀላቸው አልፋለሁ። ይህን ዝናብ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ብናገር የሚያምነኝ ሰው መፋዛ ላይ አንድ ብቻ ነው።

መልስ ጉዞ ላይ ሎሪያችን ብዙ አልሄደም። የዚያ አገር መሬት ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ሊጥ ይሆናል። ጎማው ሰመጠ። መጠለያው ሩቅ አልነበረምና ወርደን በእግር ጀመርን። ጭቃው እግር ላይ እየተደራረበ በየርምጃው ሰውን ያስረዝማል። እኔ በአንድ እጄ ጫማዬን ይዣለሁ፣ ሌላው እጄ ሰማይ ላይ ነው፣ ዝናቡ ያንን ጣት እየመታ ያቀዘቅዘዋል። አብራን የነበረች አንዲት የትግራይ ሴት እጄን አይታ ምን እንደምጠይቅ ጠየቀችኝ። ሳስረዳት አንሸራተተኝና ወደቅኩ። በሁለት እጄ ጭቃውን ጨበጥኩ። ተነሳሁ። ጣቴ ቀለለኝ።

ባዶ ነበር።

ስንት ጊዜ ሳሙና፣ ዘይትና ጉልበት ያቃተውን፣ መጋዝም የማረውን ነገር ያ ዝናብ አውልቆ ጥቁር ፈርጡን ጥቁር ጭቃ ውስጥ ጣለው። ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ተመለሰ። የሙሽራ ቀለበት ነው ስላቸው ምንም አልጠየቁም። በዝናብ ውስጥ፣ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ያንን መሬት በእጃቸው ቦኩት። ትግርኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ የሎሪው ረዳት ሱዳናዊውም። ሰው ለማያውቀው ሙሽራ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር። የትግራይዋ ሴት «የእኔ የጋብቻ ቀለበት በዘር እህል ተለውጦ ተበላ፤ የእሷ መጥፋት የለበትም» እያለች ትፈልጋለች። አላገኘነውም። በመጨረሻ እኔው ራሴ በቃ ብዬ ለመንኳቸው።

መጠለያው ዳር ስደርስ እግሬ እንደ ዝሆን እግር ሆኗል። ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ፣ ጊዜም ለማግኘት ያህል፣ ተቀምጬ ጭቃውን በእንጨት እፍቅ ጀመር። ከግራ እግሬ ሥር አንድ ትልቅ ጓል ተገምሶ ወደቀ። መሀሉ ላይ ብር ብልጭ አለ። ያን ሁሉ ሰው በጉልበቱ ሳስኬደው ቀለበቱን ረግጬ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። በዝናቡ ውኃ አጠብኩትና ውስጡን አየሁ። እውነትም ምልክት ነበረበት፤ ግን የማን ጣት እንደሆነ እንጃ፣ ብዙ ዘመን አሽቶ አጥፍቶታል።

እየሮጥኩ እንዳላማውን ይዤ አያ ውበቱ ድንኳን ገባሁ። ትርንጎ ጥግ ላይ ሆና ዕቃ ትቋጥራለች። ከራስ ጸጉሬ እስከ እግሬ ጭቃ ነኝ። ቀለበቱን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። አያ ውበቱ ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት፣ ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት። ከዚያ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ቀለበቱ ነው አልኳቸው።

«የምን ቀለበት?»

እርስዎ ይታሰርላት ያሉት አልኳቸው።

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እንዳላማውን አዩ። «ልጆቼ፣ ቀለበት ይታሰርላት ያልኩ እኮ ሽማግሌ ይምጣልኝ ማለቴ ነው። ልጄ ወላጅ እንደሌላት በውኃ ሰልፍ ላይ ተነጥቃ አትሂድ፤ ሰው በፊቴ ቁጭ ብሎ ይጠይቀኝ፣ ቃል ይታሰር ማለቴ ነው። በዚህ ዘመን ብር የምጠይቅ እኔ ጨካኝ ነኝ?»

ፍረዱኝ። በሦስት የሰው ቋንቋ የማስተረጉም፣ ሐኪምና በሽተኛ የማግባባ ሰው እናቴ ያስተማረችኝን ቋንቋ ሳትኩ። እንዳላማው መሬት ላይ ተቀመጠና ሳቀ። ትርንጎም አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጣቴ ግን ገና ያመኝ ነበር።

የጎረቤት ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሦስተኛ ሲጠፋ እኔ ተቆጠርኩ፤ ጭቃው ጸጉሬ ላይ ደርቆ ሽበት መስሏልና ማንም አልተቃወመም። ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ አያ ውበቱ መለሱ፣ ቃል ታሰረ። እንዳላማው ከቤተሰቡ ጋር እንደ ልጅ ተቆጥሮ ፋሽጋ አብሮ እንዲወርድ ተስማሙ። ስለ እኔና ስለ መጋዘኑ ያወሩ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ እዚያው ነበሩ፤ ቀለበቱን ለማን ስለፋበት እንደነበር ባዩ ጊዜ ጭቃ ያለበትን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉት። ይቅርታ ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ቀለበቱ ለትርንጎ ተሰጠ። በአውራ ጣቷም ሰፍቷት ስለነበር ክር ጠመጠመችበት። ከማድረጓ በፊት ግን እኔን ጠርታ፣ ባለቤትየዋ ሞታለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እያለቀሰች ትፈልገው ይሆን ወይ አለችኝ። እሱንም አላውቅም አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው እስክትጠይቀኝ ድረስ አደራ ይዤላት ልቆይ» ብላ አደረገችው። ያቺ ሳስባት የከረምኳት ሲጋራ አጫሽ ሴት ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ ቆየሁ።

መሬቱ ጠጠር ሲል ሎሪው መጣ። ሠራተኛው ተጫነ። እኔና ሲስተር ካሪን መንገድ ዳር ቆመን ሸኘናቸው። ትርንጎ ከጆንያ ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ ያ ጥቁር ፈርጥ ፀሐይ መታው። ሲስተር ካሪን ፈገግ አለችና ያ ቀለበት እዚያ አገር የወንድ ቀለበት እንደሆነ ነገረችኝ፤ እንዲያ ሰፊ ሆኖ የሚሠራው ጣታቸው ለወፈረ ወንዶች ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ብሩን፣ ድንጋዩን፣ ሠሪውን፣ ባለቤቱን ጠይቄያት የወንድ ነው የሴት ብዬ ብቻ እንዳልጠየቅኋት አስታወሰችኝ። «ደግሞም፣» አለችኝ፣ «ጣትህ ላይ ልክ ሆኖ ሳየው ለራስህ የወሰድከው መስሎኝ ነበር፤ ቁረጠው ያልኩህ ለጣትህ ፈርቼ ሳይሆን እልህ ይዞኝ ነው።»